ከፊስቱላ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው የሽንት ቱቦ

ስለ ፊስቱላ፣ ማለትም ምጥ ሲራዘም በፊኛና በብልት መካከል ተፈጥሮ ሽንት ስለሚያፈስሰው ቀዳዳ፣ ሕክምና ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የቀዶ ሐኪሙን እጅ ነው። በነርስነት ሳስታምም የተማርኩት ግን በደንብ የተሰፋ ቀዳዳ፣ ሽንት እንዲያወጣ ፊኛ ውስጥ የሚገባው ቱቦ (ካቴተር) በመዘጋቱ ምክንያት ሊፈታ እንደሚችል ነው። ቱቦው ሲዘጋ ፊኛው ይሞላል፣ ይወጠራል፤ ገና ያልጠገገ ስፌት ደግሞ ውጥረት አይችልም።

ስለዚህ ተረኛ ስሆን በየአልጋው ሦስት ነገር አያለሁ፦ ትጠጣለች? ሽንቱ ይንጠባጠባል? አንሶላው ደርቋል?

በጣም የሚያስቸግረው ማጠጣቱ ነው። እነዚህ ሴቶች ሽንት እንዳይፈስሳቸው ሲሉ ውኃ ቀንሰው የኖሩ ናቸው። ውኃ ሲያንስ ግን ሽንቱ ይበልጥ ይወፍራል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠጠርም ያመጣል። «ጠጪ» ብሎ ማለፍ ስለማይበቃ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ፤ ኩባያውም ከእጇ አይርቅም። በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር፣ ሽንቷ እንደ ውኃ እስኪጠራ።

ሽንቱ ከቆመ መጀመሪያ ቱቦው ታጥፎ ወይም ተኝታበት እንደሆነ፣ ከረጢቱም ከፊኛው በታች መሆኑን አያለሁ። ካልሆነ 30 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሳላይን (ከጀርም የጸዳ የጨው ውኃ) በስሪንጅ ቀስ አድርጌ አስገባለሁ፤ በኃይል መግፋት ስፌቱን ይጎዳል። አሁንም ካልፈሰሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይጠራል። እስኪነጋ መጠበቅ አይቻልም። ቱቦው እንዳይጎተትም ጭኗ ላይ በፕላስተር ይያዛል።

አንሶላው ቢረጥብ ቸኩላችሁ «አልተሳካም» አትበሏት። ሽንት በቱቦው ዙሪያም ሊወጣ ይችላል፤ ሐኪሙ ሜቲሊን ብሉ በተባለ ሰማያዊ ቀለም ይለየዋል። ያች ቃል ግን አንዴ ከተነገረች አትመለስም።

ቀላል ለሆነው ፊስቱላ ቱቦው ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ለከባዱ እስከ 14 ቀን ይቆያል። ከወጣ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ እንድትሸና እናደርጋለን፤ ከሸናች በኋላ ፊኛው ውስጥ የቀረውን እንለካለን። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ለሐኪሙ እናሳውቃለን፣ ቱቦው ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ለጤና ጣቢያ አዋላጆች አጥብቄ የምለው አለ። ምጥ ተራዝሞባት የወለደች ሴት ባይፈስሳትም ቱቦ ይግባላት፣ እስከ 14 ቀንም ይቆይ። መፍሰስ ከጀመረ ወዲያው አስገብቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማቆየት ትንሿን ቀዳዳ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋት ይችላል። ካልተዘጋ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደተከፈተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ወይም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ወዳሉት ማዕከሎቹ ትላክ፤ ሕክምናው በነፃ ነው።

ስትወጣ ቢያንስ ለ3 ወር ግንኙነት እንዳታደርግ ይነገራታል፤ ከፈቀደች ባሏም አብሮ ይስማ። የመውጫ ወረቀቷ ላይ «ቀጣዩን ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ትውለድ» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ። በቃል የተነገረውን የምትደርስበት ጤና ጣቢያ ሊያውቀው አይችልም፤ ወረቀቱን ግን ያነበዋል።