ምላሷን ነክሳ ያመለጠችው ሰላይ

ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆመ ልጅ ጓደኛውን «ሽጉጥ ያልያዘ ሰላይ ምን ሊያደርግ ይችላል?» ሲለው ሰማሁ። ክርስቲና ስካርቤክ ትዝ አለችኝ። ፖላንዳዊት ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ትሰልል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1941 ቡዳፔስት ውስጥ ተይዛ ስትመረመር ምላሷን እስኪደማ ነከሰች። እያሳለች ደም ትተፋ ጀመር። መርማሪዎቹ የሳንባ ነቀርሳ መሰላቸው። በዚያ ላይ ቀደም ሲል ሥራ ቦታዋ የሳበችው የመኪና ጭስ ሳንባዋ ላይ ምልክት ትቶ ስለነበር፣ ራጁም አገዛት። ለቀቋት። አብሯት የተያዘው ጓደኛዋም ወጣ!

የገዛ ምላስን፣ ያውም ጠላት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ፊትን ሳይቀይሩ መንከስ... ሳስበው ይዘገንነኛል። ጀግና ሲባል ቶሎ የሚታየን ጠመንጃ የያዘ ወንድ ነው። ልጆቻችን የእሷንም ስም ቢያውቁት ደስ ይለኛል።