በበረዶ የተጀመረው የመጀመሪያ ቀን

ዛሬ ልጄን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን የመጀመሪያ ቀን ይዤው ስሄድ፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ስለዘጋው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለን ቆየን። የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ በረዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ ስለነበር የመምህሯ ድምፅ ፈጽሞ አይሰማም፤ እርሷ ግን ጠመኔ አንሥታ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ልጆቹም ደብተራቸውን ከፌስታል አውጥተው በጸጥታ ገለበጡ። የልጄ ደብተር የተለበደበት ጋዜጣ ርሶ፣ ማታ ስሙን የጻፍኩበት ቀለም ወደ ታች ፈስሷል።

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 እንደሚዘልቅ እያወቅን፣ ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ሆኖ ሳለ፣ ጣሪያውን ኮርኒስ ማልበስና ቦዩን በነሐሴ መጥረግ ስለምን ይቀራል?

ከሰዓት በኋላ ልወስደው ስመለስ በግቢው ጥግ የተከመረው በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር።