ሌሊት 9 ሰዓት

ዛሬም ነቃሁ። የፕላስቲክ መለኪያዋን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ አየሁ። 80 ሚሊ ሊትር። የጤነኛ ሰው ፊኛ እስከ 400፣ 500 ይችላል። የኔዋ ግን ገና በ80ው "ኧረ ፈነዳሁ!" ትላለች። ሲጠራቀም ታቃጥለኛለች፤ ስሸና ትንሽ ፋታ ትሰጠኛለች፤ ከዚያ እንደገና "ሀ" ብላ ትጀምራለች።

ሕመሜ ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ ይባላል፤ ኢንፌክሽን ሳይኖር ፊኛን የሚያሳምም የማይለቅ ሕመም ነው። ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ "የሽንት ካልቸሩ ንጹሕ ነው፣ ምንም ባክቴሪያ አልበቀለም" ስትለኝ እልል ማለት ሲገባኝ እንባዬ መጣ። ባክቴሪያ ቢሆን ስም አለው፣ ኪኒን አለው። ንጹሕ ለሆነ ሰው ምን ይታዘዛል? ደብተር ታዘዘልኝ። ሰዓት፣ መጠን፣ ሕመም ከ10 ስንት።

"ታዲያ መንስኤው ምንድን ነው?" ብላት አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ምናልባት የፊኛዬ የውስጥ ልባስ ሳስቶ ሽንቱ ግድግዳውን እየለበለበው ነው። ምናልባት አለርጂ ሲነሳ ሂስታሚን የሚረጩት ሴሎች እዚያ ተሰብስበዋል። የዳሌዬ ሥር ጡንቻ አልላላ ብሎም ሊሆን ይችላል። ሃነር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1915 እ.ኤ.አ. ስለ ፊኛ ቁስል ጽፎ ነበር፤ እኔ ጋ ካሜራ ገብቶ ሲታይ ቁስልም የለም። ይህ ሕመም ያለን አብዛኞቻችን ቁስል የለንም አሉ።

አእምሮዬ ላይ የቀረው ግን የነርቩ ነገር ነው። ነርቭ ብዙ ጊዜ ከታመመ ሕመሙን ይለምደዋል አለችኝ። መጀመሪያ ያስቆጣው ነገር ቢሄድም እሱ መጮኹን አይተውም።

ይቺን ነገር የት ነው የማውቃት ብዬ ኮርኒሱ ላይ ፈጥጬ ቀረሁ። ከእህቴ ጋር ነው! በምን እንደተኳረፍን ከረሳሁት ቆይቷል። ኩርፊያው ግን አለ፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር ፊቴ ይቋጠራል። ስልኬን አነሳሁና "ሰላም ነሽ?" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። በዚህ ሰዓት ሰው የሞተ ይመስላታል። ደግሞ እኮ ጥፋቱ የሷ ቢሆንስ?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ እሷ፣ ፊኛዬ ማለቴ ነው፣ ድጋሚ ጠራችኝ። ተመልሼ ደብተሩን ስገልጠው የቅድሙን ለካ አልመዘገብኩትም። አሁን 70 ነው። ቅድም 80 ነው ያልኩት ወይስ 60?