የዶሮ ቤቱን የት ላድርገው? ከጣና ዳር ግቢ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ዶሮ አርቢዎች። ቄቦቹን ከመግዛቴ በፊት የቦታውን ነገር ልጨርስ ብዬ ነበር። አሁን መሠረቱ ወጥቷል። እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላላችሁ።

ስለ ዶሮ ስናወራ ወሬያችን ዝርያና መኖ ላይ ነው። ቦቫንስ ይሻላል ወይስ ሳሶ እያልን እንከራከራለን። ቦታው ግን «ጓሮ ካለው ጥግ አንዱ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ቦታው ከዝርያው አያንስም ባይ ነኝ። መኖ ካልተስማማ በሳምንቱ ይቀየራል፤ ቤት ግን አንዴ ከቆመ ቆመ።

መጀመሪያ ውሃ። የኛን አገር ግቢ ማየት የሚገባው በክረምት ነው። ግቢያችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፣ አፈሩም ጥቁር ዋልካ ነው። ሚያዝያ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ የትኛውም ጥግ ደረቅ ስለሆነ ሁሉም እኩል ይመስላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው የሚለየው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው የት እንደሚያድር ሳታዪ ምሰሶ አትትከዪ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ከባድ ዝናብ ባባራ ቁጥር ቦት ጫማ አድርጌ ግቢውን እዞር ነበር። ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ እንጨት ሰካሁ። ከማድ ቤቱ ጀርባ እስከ ጌሾው ድረስ ያለው በማግስቱም ውሃ እንደቋጠረ ነው። በምሥራቅ አጥር በኩል ያለው ከፍታ ግን ወዲያው ይጠነፍፋል። ቀጥሎ ደግሞ ያሰብኳቸው ቦታዎች ላይ ጉልበት ድረስ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ዝናብ ሳይኖር ውሃ ከሥር የሚያመነጨውን ቦታ ሰረዝኩት። ይህንን ክረምቱ ሲወጣም ድገሙት። ዝናቡ ቢያቆምም ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወደ ጣና መግባታቸውን አያቆሙም፤ ሐይቁ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ለዳርቻው የቀረበ መሬት አበባ ሲያወጣም ሥሩ እርጥብ ሊሆን ይችላል።

ለምን ይህን ያህል ስለ ውሃ? ጉዝጓዙ ከረጠበ ኩሱ አሞኒያ ያወጣል። የዶሮዎቹ ዓይን ያለቅሳል፣ ሳንባቸው ይጎዳል። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ደም የቀላቀለ ተቅማጥም የሚመቸው እርጥብና ሞቃት ጉዝጓዝ ውስጥ ነው። የሰው ዶሮ ቤት ስትጎበኙ ቆማችሁ ብቻ አታሽትቱ። ቁጢጥ በሉና አፍንጫችሁን ዶሮዋ ወደምትተነፍስበት አውርዱት። ቆማችሁ ያልተሰማችሁ ሽታ እዚያ ይጠብቃችኋል።

ከውሃ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ነፋስ ነው። ሐይቅ ዳር ያለን ሰዎች ሁለት ነፋስ አለን። ፀሐይዋ ስትከር መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ ያኔ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ይመጣል። ሌሊት መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ባሕር ዳር የጣና ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች በበጋ የቀኑ ነፋስ በአብዛኛው ከሰሜን ነው። ይህንን በዓይኔ ለማየት አንድ ፌስታል በቀጭኑ ቀድጄ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አሰርኩት። ከቀትር በኋላ ጫፉ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ይርገበገባል። ማምሻውን እንጨቱ ላይ ይጠቀለላል። ሌሊት ባትሪ ይዤ ስወጣ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ዞሯል።

ይህ ምርጫዬን ወሰነልኝ። ዶሮ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ በስተሰሜን ቢሆን ሽታው ቀን ላይ ሳሎን ይገባል። በስተደቡብ ቢሆን ሌሊት መኝታ ቤት ይገባል። ስለዚህ ከጎን መሆን አለበት። ምሥራቁ ውሃ የማይተኛበትም ስለሆነ እዚያው ጸና። በዚያ በኩል ያለችውን ጎረቤቴን ቀድሜ ቡና ጠርቼ አማከርኳት። የእሷ መኝታ ክፍል አጥሩ ጋ ስለሆነ ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ ገባሁላት። አውራ ዶሮ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሲጮህ ማን እንደሚሰማው አስቀድሞ ማሰብ ደግ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ፣ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሆን አድርጌዋለሁ። ጠባቡ ግድግዳ የጠዋቱንና የማታውን ፀሐይ ይቀበላል፤ ረጅሞቹ ጎኖች ሽቦ ይሆኑና ያ የሐይቅ ነፋስ ያልፍባቸዋል። እኛ ጋ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሰሜን በኩል ናት፣ ቀሪውን ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ የቆርቆሮው ክፈፍ በሁለቱም ጎን ረዘም ማለት አለበት። ዶሮ አያልባትም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ክንፏን ታንጠለጥላለች፣ እንቁላሉም ይቀንሳል። የማንጎው ጥላ በምዕራብ በኩል ከ8 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ይከልልልኛል። ግን ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ እንዳይደርስ ቆርጬዋለሁ። ሽለምጥማጥ በቅርንጫፍ ነው የሚመጣው።

ስለ አውሬ ካነሳን፣ ሐይቅ ዳር አርጃኖም አለ። እንቁላልና ጫጩት ይወዳል፣ ይቆፍራልም። ለዚህ ሽቦውን ከመሬት ሥር ማስገባት ነው። ለጭልፊት ደግሞ መፈንጫውን ከላይ በሽቦ መሸፈን ይበቃል።

አጥብቄ የምለው የውሃ ወፎችን ነው። ይብራውም ዳክዬውም ማየት ያስደስታል፤ ነገር ግን የወፍ ጉንፋን ቫይረስን ሳይታመሙ ሊሸከሙ ይችላሉ። ስለዚህ ዶሮዎች ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው ባይለቅሙ፣ ከሐይቁ የተቀዳ ውሃም እንዲሁ ባይሰጣቸው ጥሩ ነው። ፈንግል ደግሞ በሰው ጫማና ከገበያ በመጣ ዶሮ ይገባል። ቤቱን ከበሩ ያራቅሁት ለዚህ ነው፤ እንግዳ በዚያ አያልፍም። ለበዓል ከቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ዶሮ በሌላኛው ጥግ ይታሰራል።

የውሃ ጉድጓድ ካላችሁ ዶሮ ቤቱ ከእሱ ዝቅ ብሎና ርቆ ይሁን። ስፋቱን በካሬ ሜትር 4 ዶሮ አስልቼ፣ ለ20 ቄብ 5 ካሬ አድርጌዋለሁ።

አሁን መሠረቱ በጥቁር ድንጋይና በጠጠር ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ምሰሶው ባሕር ዛፍ ነው፣ አሸንዳውም ታዟል። የቀረኝ ጣሪያው ነው። ከቆርቆሮው ሥር ሙቀቱን እንዲቀንስ ደንገል ላነጥፍ አስቤያለሁ። የሚያሳስበኝ ቅማልና ቁንጫ እንዳይደበቅበት ነው። የሞከራችሁ ካላችሁ ስንት ጊዜ እንደቆየላችሁና በምን እንዳጸዳችሁት ንገሩኝ፤ ቆርቆሮውን ከመምታቴ በፊት ብሰማው ደስ ይለኛል።