አደስን የሚገድለው ውኃ ነው

አደስ ደርቆና ተፈጭቶ ስለሚሸጥ፣ ቅቤ ሲቀቡት ጠረኑን የለየ ሰው ሁሉ ቁጥቋጦውን አይቶታል ማለት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ከተመቸው ከ2 እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። አበባው ነጭ፣ አምስት ቅጠል ያለው ሲሆን መሃሉ ላይ ቀጫጭን ነጫጭ ክሮች ተበትነው ይታያሉ። ፍሬው ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይዞራል። ችግኝ ስትገዙ አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሡና ተመልከቱት፤ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ሊታዩ ይገባል። ሽታውን የያዘው ዘይት እዚያ ነው። በጣት አሽታችሁት የማይሸት ከሆነ አትግዙት።

በወሎ ጓሮዎች አደስ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ብርድ ወይም ድርቅ ሳይሆን የሥር መበስበስ ነው። አካሄዱ አሳሳች ስለሆነ በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። አፈሩ ውኃ አቁሮ ሲቆይ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ የታችኞቹም ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ባለቤቱ ይህን አይቶ ተጠማ ብሎ ውኃ ይጨምራል፤ ያ ደግሞ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የጠወለገ አደስ ስታዩ ጆኩን ከማንሣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ውኃ አቁሙና በዙሪያው የመፋሰሻ ቦይ ቅደዱ። ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡት።

አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ ለም አፈር መሙላት ጥሩ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ዙሪያው ውኃ ስለማያሳልፍ ጉድጓዱ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ገንዳ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ወርዱ አንድ ሜትር የሚሆን ቁልል ሠርታችሁ አናቱ ላይ ትከሉት። ቁልሉ ሁለት እጅ የላይኛው አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሁን። ቀይ ወይም አሸዋማ አፈር ላይ ግን ቁልል አያስፈልግም፤ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ይበቃል። ችግኙ ላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አንገቱን አትቅበሩት። ለአጥር ከሆነ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ለብቻው ከሆነ 1.5 ሜትር ቦታ ስጡት። ጭድ ማልበስ ይረዳል፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ አራት ጣት አርቁት።

ፀሐይ ይወዳል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ እየመነመነ ይረዝማል እንጂ አያብብም። ኮምቦልቻና ባቲ ላይ ሙቀቱ ችግር የለውም፤ ብቻ ሥር እስኪሰድ ድረስ ደረቁን ነፋስ ከልሉለት። ከደሴ ወደ ላይ፣ በተለይም እንደ ደላንታና ወረኢሉ ባለ ደጋ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ጫፍ ያቃጥላል። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከቤቱ ደቡባዊ ግድግዳ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ መትከል ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ማታ በጆንያ ሸፍኑት፤ ጠዋት ግን ግለጡት።

ለማብዛት ከዘር ይልቅ ቁራጭን እመርጣለሁ፤ ዘሩ ለመብቀል አንድ ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል፣ ለአበባም ዓመታት ያስጠብቃል። የቁራጭ ምርጥ ጊዜ መስከረም ነው። ክረምቱ ያወጣው ለጋ በዚያን ጊዜ ገና ይታጠፋል፣ ግን መጠንከር ጀምሯል። አበባ ያልያዘ ጫፍ መርጣችሁ ከቅጠል መጋጠሚያ ሥር ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ይቅር። ግማሽ አሸዋና ግማሽ የተነፋ ብስባሽ በሞላ ላስቲክ ውስጥ ሲሶውን አስገብታችሁ ዙሪያውን በጣት ጫን ጫን አድርጉ። በጎበጠ እንጨት ላይ ላስቲክ ዘርግታችሁ ሸፍኑና ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ገልጣችሁ አናፍሱት። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ሥር ይይዛል፤ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት እምቢ ካለ ይዟል። ሁሉም ስለማይይዝ ከምትፈልጉት እጥፍ ቁረጡ። 20 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ጫፉን ቁንጥጥ አድርጉት፣ በጎንና በጎን እንዲያቆጠቁጥ። በጋውን በላስቲኩ ውስጥ አሳልፎ ሰኔ መጨረሻ ላይ መሬት ይወርዳል። በበልግ ዝናብ ተማምኖ መሬት ማውረድን አልመክርም፤ በልጉ ሲቋረጥ ሥሩ ገና አጭር ስለሆነ ችግኙ ይደርቃል።

በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንዴ ከ5 እስከ 10 ሊትር በደንብ የሚሰርግ ውኃ ይበቃዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ ይበቃል። ፍግም አታብዙ፤ በዓመት አንዴ ክረምት ሲገባ አንድ ቁና ያህል ይበቃል። የበዛ ፍግ ለስላሳ ቅጠል ያወጣል፣ አበባ ያሳጣል፣ ክሽክሽ የሚባሉትን ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳትም ይጠራል።

ቅጠሉ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ካያችሁ ከግንዱና ከቅጠሉ ጀርባ ቡናማ ጠብታ መስለው የተጣበቁ ነፍሳት ፈልጉ፤ ጥቀርሻው የሚበቅለው እነሱ በሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ በሳምንቱ ድገሙ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ በላዩ ያሉት ጅማቶች ግን አረንጓዴ ከሆኑ ኖራ የበዛበት አፈር ብረት ከልክሎታል ማለት ነው፤ ብስባሽ ጨምሩ፣ አመድ ግን አታቅርቡበት።

አበባው የሚወጣው በዚያው ዓመት ባደገው ለጋ ላይ ስለሆነ እንቡጡ ከመታየቱ በፊት የሚደረግ ከባድ ቆረጣ የዓመቱን አበባ ይወስዳል። አበባው ሲያልፍ ቁረጡ፤ በአንድ ጊዜም ከሲሶ አታሳልፉ። ቅጠል መልቀም የሚጀመረው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ቀንጥባችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ሰፌድ ላይ በስሱ ዘርጉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ዘይቱን ያተነዋል፤ ገበያ ላይ ብዙ ሽታ የሌለው አደስ የሚያጋጥመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከሳምንት በኋላ በእጅ ሲጨበጥ ኩርሽም ካለ ደርቋል። ሳይፈጭ እንደ ቅጠልነቱ ክዳኑ በሚጠብቅ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ይቀመጥ፤ የሚወቀጠው ቅቤው በሚነጠርበት ወይም ለፀጉር በሚለወስበት ዕለት፣ ለዚያ ቀን የሚበቃው ብቻ ነው።