ሀሁ የሚል ልጅ፣ የሚያነብ ልጅ

ነሐሴ ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። ሰማዩ እንደጠቆረ ይውላል፣ መስከረም ሊጠባ ነው የሚለው ወሬም ከደስታው ይልቅ ክብደቱ ይሰማኛል። ከግድግዳው ማዶ ትንሿ ልጅ ሀሁ ታዜማለች። ሀ ሁ ሂ ሃ ብላ ጀምራ አንዲት ሳትስት እስከ መጨረሻው ታወርደዋለች። ድምጿ ደስ ይላል። ግን ሆዴን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጊ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይቺስ ማን ናት?» ያላት ሰው ይኖር ይሆን?

ፈተናው ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ አይደለም። ከገበታው መሀል ጊን ወይም ሬን መንካት። ልጁ ወዲያው ከጠራት ያውቃታል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ገ፣ ጉ፣ ጊ» ብሎ ከደረሰባት ግን የሚያውቀው ዜማውን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አራት ፊደል ያለው ቃል ሲሰጡት አራት ጊዜ ወደ ግዕዙ ተመልሶ ይቆጥራል፤ መጨረሻዋ ፊደል ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋ ድምፅ ከአእምሮው ወጥታለች። ቃሉ አይሰበሰብለትም።

የኔታዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፤ አ በግዕዝ፣ ቡ በካዕብ፣ ጊ በሣልስ፣ ዳ በራብዕ፣ ሄ በኃምስ፣ ው በሳድስ፣ ዞ በሳብዕ። እያንዳንዷ ከሌላ ቤት ስለመጣች የረድፉ ዜማ ልጁን አይሸከመውም። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፤ እሱም መጀመሪያ ፊደል ፊደሉን በመቁጠር፣ ኋላ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም በሚባሉት የንባብ ስልቶች። ዱላም ነበረበት፣ እሱን ማንም አይናፍቅ። የሚናፈቀው ሌላ ነው፦ ልጁ በየኔታ ወይም ከእሱ በቀደመ ተማሪ ፊት ብቻውን ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ትምህርት ቤት የሚሄዱ፣ ደብተር የያዙ ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ በአዲስ መልክ ተዘጋጁ፣ መምህራን ለአጫጭር ሥልጠና ተጠሩ። የመምህራን ኮሌጁ ውስጥ ግን ዋናው ነገር ገና አልገባም ብዬ አምናለሁ። ዋናው ነገር የልጅን ስሕተት መስማት ነው።

የአማርኛ አንባቢ ስሕተቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ናቸው፣ ቨን ከነዘሩ ስንጨምር 238፣ ሏና ቧን የመሰሉት ሳይቆጠሩ። በደቡብ ህንድ፣ ተነባቢና አናባቢን እንደእኛው በአንድ ምልክት በሚያስር ጽሕፈት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ልጆች ምልክቶቹን ለመጨረስ ዓመታት እንደሚፈጅባቸው አሳይተዋል። ስለዚህ 1ኛ ክፍል ላይ የሚንገዳገድ ልጅ ሰነፍ አይደለም።

ቢን ቤ ብሎ የሚያነብ ልጅ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አልተነገረውም። ሁለቱም ምልክታቸው ከቀኝ እግራቸው ሥር ነው፤ የአንዷ ቀጥ ያለ ጭረት፣ የሌላዋ የተዘጋ ቀለበት። ጎን ለጎን ጽፎ ያንን ቦታ ብቻ በቀለም ጠመኔ ማቅለም ይበቃል። ሩና ፉ ከካዕቡ ሕግ ስለሚወጡ ለብቻቸው ይያዛሉ። ሳድስ ደግሞ አንድ ወጥ ምልክት የለውም፤ አንድ በአንድ ከመልመድ ሌላ መንገድ የለም። ሰን ከሸ፣ ነን ከኘ፣ ደን ከጀ የሚያምታታ ልጅ ካጋጠመ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ተመሳሳዮቹ በአንድ ሳምንት ከገቡ ይደባለቃሉ፤ አንዷ በደንብ ከጸናች በኋላ ሌላዋ ብትመጣ ይሻላል።

«ልብ» የሚለውን ፊደል በፊደል ረግጦ «ልእ ብእ» የሚል ልጅ ፊደሎቹን አውቋቸዋል። ያልመጣለት ሳድስ በቃል መጨረሻ ላይ አናባቢውን እንደሚጥል ነው። እሱን ወደ ገበታው መመለስ ጊዜ ማባከን ነው፤ ፈጥነህ አንድ ላይ በለው፣ የምታውቀው ቃል ነው ማለት ይሻላል። «እናቴ ገና አልመጣችም» ላይ ገናን እንደ በዓሉ አጥብቆ የሚያነብ ልጅም እንደዚሁ ነው። ጽሕፈታችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፣ ዓረፍተ ነገሩን ከጨረሰ በኋላ ትርጉሙን ይዞ መመለስ አለበት። መፍትሔያቸው ይህን ያህል የሚራራቅ ስሕተቶች በክፍላችን የሚያገኙት መልስ አንድ ነው፦ «ድገም!»

ወ. የምትባል አዲስ መምህርት ዘንድሮ ከመምህራን ኮሌጁ ተመርቃለች፣ መስከረም ላይ 1ኛ ክፍል ሊሰጣት ይችላል። የቋንቋ ድምፆችን ምድብ በቃሏ ታውቃለች። በተግባር ልምምዷ ዓላማው ሰሌዳ ላይ መጻፉ ታይቷል፣ የትምህርት መርጃው ታይቷል፣ ድምጿ ከኋላ ወንበር መሰማቱ ታይቷል። የትኛው ልጅ ምን ላይ እንደወደቀ የጠየቃት የለም።

ከመመረቋ በፊት እንዲህ ብትለማመድ ኖሮ፦ 60 ቃላት ያህል ያለው ጽሑፍ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለእሷ። ሰዓት 60 ሰከንድ። ልጁ የሳተው ቃል ላይ ጭረት፣ ከላዩ ደግሞ ያለውን እንዳለው መጻፍ። ሦስት ሰከንድ ከቆመ ወደሚቀጥለው ማሳለፍ። ሰዓቱ ሲያልቅ የደረሰበት ላይ ቅንፍ፣ ከዚያ ስለ ታሪኩ አምስት ጥያቄ። 38 ቃል ሄዶ 9 ከሳተ ውጤቱ 29 ነው። ብዙዎቹ 29ን መዝግበው ወረቀቱን ያስቀምጡታል። ሀብቱ ያለው ግን ዘጠኙ ውስጥ ነው! ስድስቱ የሣልስና የኃምስ መምታታት ከሆኑ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ተወሰነ ማለት ነው።

ደግሞ በማሳየት፣ አብሮ በመሥራትና ለብቻ በማሠራት መካከል ያለውን ጉዞ አስቡት። ሁሉም ሠልጣኝ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል። ክፍሉ ግን አብሮ መሥራቱ ላይ ይቀራል፤ የኅብረት ድምፅ ማራኪ ነው፣ የማያነበውን ልጅም ሸፍኖ ያሳልፈዋል።

በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር ለሴትስዋና ንባብ መምህራን ሁለት ዓይነት ድጋፍ ተሰጥቶ ተነጻጽሯል። የትምህርቱ ዕቅድና መጻሕፍቱ ተመሳሳይ ነበሩ። አንደኛው ወገን ማዕከል ተጠርቶ ሠለጠነ፣ ሌላኛውን የንባብ ባለሙያ ክፍሉ ድረስ እየሄደ አገዘው። ከሁለት ዓመት በኋላ ክፍል ድረስ የተሄደበት ወገን ተማሪዎች ያገኙት መሻሻል የሌላኛውን እጥፍ ያህል ነበር። አዳራሽ ውስጥ የተሰማ ነገር ልጅ ፊት ሲቆሙ እንደሚጠፋ የክፍል ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያም ሆኖ በጀታችን አሁንም አዳራሹን ይወዳል።

ሒሳቡን ስሠራው ነው ልቤ የሚከብደው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ለአንዱ ሁለት ደቂቃ፣ አንዱ ለንባቡ አንዱ ስሕተቱን ለመመዝገቡ፣ 120 ደቂቃ ይሆናል፤ ሦስት ሙሉ ክፍለ ጊዜ። በቀን ስድስት ልጅ ቢሰማ በ12 ደቂቃ በሁለት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ይቻላል። የቀሩት 54ቱ ግን በዚያች 12 ደቂቃ ምን ይሥሩ? ጥንድ ሆነው እንዳያነቡ ግማሾቹ ማንበብ የማይችሉት ናቸው፣ ከሰሌዳ ይገልብጡ ብንል ወደ ዜማው መመለስ ነው። የኔታ የቀደሙትን ተማሪዎች ያሰማራ ነበር፤ የእኛዎቹ የ5ኛ ክፍል ልጆች በዚያ ሰዓት የራሳቸው ትምህርት አላቸው፣ ወይም በፈረቃ ቤታቸው ናቸው። ለወ. ምን ብዬ ልንገራት?