ለሰርግ ቪዲዮ ኮምፒውተር ስመርጥ፦ ኦል ኢን ዋን ወይስ ወርክስቴሽን?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችን። እኔ እቀርጻለሁ፣ ኤዲት አደርጋለሁ። ባለቤቴ ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ አልበም ታዘጋጃለች። እስከ 2017 ዓ.ም ጥር ድረስ ሥራው ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ራሙ፣ ማለትም እየተሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ 8 ጊጋ ነው። ለፎቶ አላስቸገረንም። ቪዲዮ ሲጫንበት ግን ወገቤን ይላል።

ድሮ በፉል ኤችዲ ቀርጸን እናስረክብ ነበር፤ ማንም አይጠይቅም። አሁን ሙሽሮቹ ራሳቸው «4ኬ ነው አይደል?» ብለው ነው ቀብድ የሚከፍሉት። የእኔ ካሜራ 4ኬ ሲቀርጽ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋል። በሰዓት 45 ጊጋባይት ማለት ነው። ሁለት ካሜራ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢቀርጽ 270 ጊጋ ሞላ። መልሱ ገና አልተቆጠረም። የጥር ሰርጎች ኤዲቲንግ ተጎትቶ ተጎትቶ ሁዳዴ ገባ። ያው በጾም ሰርግ የለም። ኮምፒውተር የሚገዛ ከሆነ ከፋሲካ በፊት መገዛት ነበረበት።

ባለቤቴ ኦል ኢን ዋን ፈለገች። ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ ያለው፣ አንድ ገመድ ብቻ ግድግዳ ላይ የሚሰካው። «ደንበኛ ሲገባ ቤቱ ቤት ይመስላል» አለች። እውነቷን ነው። ፎቶ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተጠላለፈ ገመድ አያምርም። እኔ ደግሞ ዓይኔን የጣልኩት ከውጭ የገቡ ያገለገሉ ወርክስቴሽኖች ላይ ነበር፤ ቢሮዎችና ስቱዲዮዎች ተጠቅመው የሚያስወጧቸው ትልልቅ ሣጥኖች። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላ የአዲስ ዕቃ ዋጋ የሚቀመስ ስላልሆነ ብዙ ሰው ወደ ያገለገለው ዞሯል።

ከመወሰኔ በፊት ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ነጻ ነው። ራሙ፣ ዲስኩና ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተጫናቸው የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፍቼ ስክሪኑ ጥግ ላይ አስቀመጥኩና እንደወትሮው ሠራሁ። ቪዲዮው ስታክ ሲያደርግ ማን እንደደከመው ይታያል። መጀመሪያ ራሙ ይሞላል። ከዚያ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ይላል፤ ዊንዶውስ ራም ሲያጣ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ዲስክ ደግሞ የዚያን ፍጥነት ምኑንም አይደርስበትም። ፕሮሰሰሩ ጫፍ የሚነካው ኤክስፖርት ሲደረግ፣ ማለትም ኤዲት የተደረገው ወደ አንድ ያለቀ ቪዲዮ ሲወጣ ነው። ስለዚህ የምፈልገው በቅደም ተከተል ራም፣ ፈጣን ዲስክ፣ ከዚያ ፕሮሰሰር ሆነ። ይህን ሳያውቁ ሱቅ መግባት ሻጩ የሚያወራውን ሰምቶ መውጣት ነው።

ቀጥዬ የሰፈራችን ጥገና ቤት ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ኦል ኢን ዋኖች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ስክሪኑ ደህና ነው። ማዘርቦርዱ ሄደ።»

«ታዲያ አንዱን ላንዱ አትገጥመውም?»

«ሞዴላቸው አይገናኝማ ወንድሜ! አዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

ለእኔ ውሳኔው ግማሽ በግማሽ እዚያ አለቀ። ሁለቱም ሣጥን ያለው ዴስክቶፕ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሞኒተር ቀይሮ፣ ሌላው ሌላ ሣጥን አምጥቶ በማግስቱ ሥራ ይጀምራል። አዲስ አበባ ከእኛ 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ትርጉም የለውም። በሰርግ ሰሞን ዕቃ ጠብቁኝ የሚባል ደንበኛ የለም።

ቢሆንም ኦል ኢን ዋኑን ሳላየው አልጣልኩትም። ያው ባለቤቴም አለች። አዲስ አበባ ስወርድ ከአንድ ሰርግ ላይ የተወሰኑ ፋይሎችን በኤክስተርናል ኤስኤስዲ (በፈጣን ተንቀሳቃሽ ዲስክ) ይዤ ሄድኩ፤ ኤዲቲንግ ፕሮግራም የተጫነበት ሱቅ ፈልጌ ያንኑ ሥራ በሁለቱም ላይ ለማስኬድ። ከዚሁ ጋር ከታተመ አልበም ላይ አንድ ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀብኝ። በኋላ እሱም አብሮኝ ተቀምጦ ያይ ጀመር።

ኦል ኢን ዋኑ ኮር አይ5 ነው። ሲከፍቱት ፍጥነቱ ያስደስታል። ኤክስፖርት አስጀመርኩና ዝም ብዬ ተመለከትኩ። መጀመሪያ ጊጋኸርዙ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ ከፍ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ፋኑ ይጮሃል፣ ከስክሪኑ ጀርባ ከላይ በኩል ትኩስ አየር ይወጣል፣ ጊጋኸርዙም እየወረደ ይሄዳል። ብዙዎቹ ኦል ኢን ዋኖች ውስጥ ያለው የላፕቶፕ ዕቃ ነው። ስሙ አይ5 ይባላል እንጂ የላፕቶፑ ፕሮሰሰር 15 ዋት አካባቢ ተመድቦለት፣ የዴስክቶፑ 65 ዋት ተመድቦለት የተሠሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከቁጥሩ ኋላ ያለችውን ፊደል ማየት ነው። ዩ ካለች የላፕቶፕ ነው፣ ቲ ካለች 35 ዋት የሆነ ዴስክቶፕ ነው።

«የአፕሉ ኦል ኢን ዋን፣ አይማክስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ባህር ዳር ያለ ጓደኛዬ ባለ 24 ኢንቹን ኤም1 ይሠራበታል። 4ኬ ላይ ዝልፍልፍ አይልም፤ ድምፁም አይሰማም። ራሙ ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ የገዛኸውን ይዘህ ትኖራለህ። ከኋላው ተከፍቶ ራም የሚጨመርበትን ባለ 27 ኢንቹን አፕል በማርች 2022 መሸጥ አቁሟል። ለእኔ ዋጋውም አልቀመስ አለ።

ወርክስቴሽኑ ኤችፒ ዜድ 440 ነበር። በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ሞዴል ነው፤ አሮጌ ነው። ፕሮሰሰሩ ዚኦን ኢ5-1650 ቪ3፣ 6 ኮር፣ 3.5 ጊጋኸርዝ። ጎኑን በእጅ ከፍተህ ታያለህ፤ ካቻቢቴ አያስፈልግም። 8 የራም ቦታ አለው። እዚያው 32 ጊጋ አስደረግሁ፤ ቦታው ገና አልሞላም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሚፈልገው ኢሲሲ ሬጅስተርድ የሚባለውን የሰርቨር ራም ነው። የተራ ዴስክቶፕ ራም ይዛችሁ ብትመጡ አይሠራም። ደግነቱ ከሰርቨር የሚወጣ ያገለገለ ራም ብዙውን ጊዜ ረከስ ይላል።

«ኃይለኛ» የሚባለው ነገር ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። እንደዚህ ዓይነት ዚኦን ውስጥ የራሱ ግራፊክስ የለም። ኢንቴል ኩዊክ ሲንክ የሚለው ቪዲዮ መፍቻም አብሮ ይቀራል። ተራው አይ5 ይህ አለው። ስለዚህ ዚኦኑ ያለ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ አጨማመቅ በተቀመጠ ፋይል ላይ በአንድ ትንሽ ኦል ኢን ዋን ሊበለጥ ይችላል። አብሮት የመጣውን ኩዋድሮ ኬ2200 አስወጥቼ ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1660 አስገባሁ። ካርዱ ኃይል ከሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ ኬብል ይፈልጋል፤ ፒኑ መግጠሙን እዚያው አስገጥሜ አየሁ። ከዚያ ያንኑ ሥራ አስኬድኩ። ታይምላይኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ብል ሙሽራዋም አልቆመች፣ እስክስታውም አልተንገዳገደ።

ይህ ግን የእኔ ካሜራ ስለሆነ ነው። የእኔ የሚቀርጸው ባለ 8 ቢት ኤች 264 ነው፤ ካርዱ ይፈታዋል። ሶኒ ኤ7 ፎር የያዘ ሰው በሌላው አጨማመቅ በኤች 265፣ ብዙ የቀለም መረጃ በሚይዘው ባለ 10 ቢት 4:2:2 ከቀረጸ ይህ ካርድ አይረዳውም። ለእሱ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያለና የራሱ ግራፊክስ ያለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ይሻለዋል፤ ኦል ኢን ዋንም ቢሆን። ስለዚህ ኮምፒውተር ከመምረጥ በፊት ካሜራው የሚያወጣውን ፋይል ማወቅ ነው። ሻጭ ይህን አይጠይቅም።

የአልበሟ ገጽ ያስፈለገችው ለሞኒተር ነው። ከየስክሪኑ አጠገብ ያዝኳትና ያንኑ ፎቶ ከፈትኩ። የሐበሻ ቀሚሱ ነጭ አንዱ ላይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ሌላው ላይ ቢጫ ይመታል። አንድ ባለ 24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር ከወረቀቱ ጋር ተቀራረበ። እሱን ያዝኩ። ኦል ኢን ዋን ስትገዛ ይህ ምርጫ የለህም፤ ያለውን ስክሪን ነው የምትወስደው። የዚያኛው ስክሪን መጥፎ አልነበረም፣ ያንን መካድ አልችልም።

ወርክስቴሽንም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ የኤችፒ የራሱ ቅርጽ ነው። ከተራ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ አውጥተህ አትገጥምለትም። ስለዚህ ከሌላ ሣጥን የወጣ መጠባበቂያ ፓወር ሰፕላይ አብሬ ገዛሁ። ሻጩ «ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። «ማርቆስ ነው የምሄደው» አልኩት። ገባው።

መብራትስ? ላፕቶፕ የለመደ ሰው ባትሪ እንደነበረው የሚያስታውሰው ሲያጣው ነው። ሁለቱም አማራጮች ባትሪ የላቸውም። ኦል ኢን ዋኑ የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ትንሿ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የምትይዘው) ትበቃዋለች። ወርክስቴሽኑ ሥራ ላይ ሲሆን ከሞኒተሩ ጋር ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ 1500 ቪኤ ወሰድኩ። ቪኤ ደግሞ ዋት አይደለም። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ነው የምታነቡት። አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስና እንዲህ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ አይስማሙም፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ እያለው ድርግም ይላል። ስለዚህ ኤክስፖርት እያደረገ ሳለ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ነቀልኩት። ሻጩ ደነገጠ። ኮምፒውተሩ ቀጠለ። ያኔ ከፈልኩ። ዩፒኤሱ የሚሰጠኝ ሴቭ አድርጎ ማጥፊያ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም።

ጉዞው ሌላ ጉድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን የዓባይ በረሃ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግራፊክስ ካርድ በአንድ ጎኑ የተንጠለጠለ ከባድ ነገር ነው፤ መንገጫገጩ የሚገባበትን ቦታ ሊሰብረው ይችላል። አውጥቼ በስፖንጅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት። ሣጥኑን ማዘርቦርዱ ወደ ታች እንዲሆን አጋደምኩት። ሞኒተሩን ከነካርቶኑ በጋቢ ጠቀለልኩት። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው አለ።

«አይጫንም።»

«እንግዲያው ወንበር ይከፈልበታል፣ ፋዘር።»

«ይከፈላ!»

ሞኒተሩ ከጎኔ ተሳፋሪ ሆኖ ማርቆስ ገባ። ደግሞ ከአዲስ አበባ ሳልወጣ የግራፊክሱን፣ የኔትወርኩንና የድምፁን ድራይቨር ፍላሽ ላይ አውርጄ ነበር። እኛ ጋ ኢንተርኔት ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይሄዳል። አዲስ ኮምፒውተር አስቀምጦ ድራይቨር መጠበቅ ያናድዳል።

አሁን ፕሮጀክቱን ኤስኤስዲ ላይ እሠራለሁ፣ ያለቀውን ወደ ትልቅ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። ኤክስፖርት ላይ እያለ ባለቤቴ ፎቶ ትመርጥበታለች። ሣጥኑን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃዋለች። መሬት ላይ አቧራ ስለሚስብ ዱካ ላይ አስቀመጥነው፣ በየጊዜውም ጎኑን ከፍቼ በብሎወር አነፋዋለሁ። ቆንጆ ጠረጴዛዋን አልነፈግኋትም፤ ፊት ለፊት ያለው ሞኒተሩ ብቻ ነው።

አንድ የቀረ ጣጣ አለ። ይህ ፕሮሰሰር ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ውስጥ የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4፣ 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ስለዚህ ወርክስቴሽኑን ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ። ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ ክሊፕ መላክ፣ ሁሉም በድሮው ላፕቶፕ ነው። የደንበኛ ፍላሽም መጀመሪያ የሚሰካው እዚያ ነው፤ ቫይረስ ካለ እዚያው ይቅር።

በቅርቡ ጎረቤታችን ያለ ፋርማሲ ባለቤት መጥቶ «የአንተን ዓይነት ፈልግልኝ» አለኝ። ምን ልትሠራበት ነው ብለው ደረሰኝና የመድኃኒት ዝርዝር መመዝገቢያ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ መብራቱም እንደኛው ነው። ኦል ኢን ዋን አስገዛሁት፤ የገጠምኩለትም እኔ ነኝ። አዳፕተሩን ብቻ ሁለት አድርገህ ያዝ ብዬዋለሁ።